የምክር አገልግሎት ምንድን ነው? ወደ አማካሪ የሚሄድ ወገናችንስ ምን ይጠብቅ?



እርዳታ በሚታደልበት ስፍራ ሁሉ የምናየው አንድ ነገር አለ። ዘር ተቀብሎ የሚዘራ፣ ቆርቆሮ ተቀብሎ ቤቱን የሚከድን፣ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት የሚመልስ ብዙ ሰው አለ። ከእርሱ ጎን ደግሞ ያንኑ ዘርና ያንኑ ቆርቆሮ ተቀብሎ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ አለ። ሌሊት ይባንናል። ቀን ሰው ሲያነጋግረው በግማሽ ልብ ይመልሳል። እህል በቤቱ እያለ አይበላም። ጎረቤቱ ሰነፍ ይለዋል፤ የጸሎት ቤት ወንድሙ እምነቱ ደክሟል ይላል፤ የፕሮጀክቱ ሠራተኛም በሪፖርቱ ላይ «ተረጂው አልተባበረም» ብሎ ይጽፋል። ሦስቱም ተሳስተው ሊሆን ይችላል። ይህ ሰው ልቡ ቆስሎ ይሆናል።

በአገራችን ሰሜናዊ ክፍል ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት እንዲቆም ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ። ከዚያ ወዲህም በሌሎች አካባቢዎች ግጭትና መፈናቀል አልጠፋም። በእነዚህ ዓመታት ሙታኑን ሳይቀብር የሸሸ፣ ልቅሶ ሳይደረስለት የቀረ፣ የደረሰበትን ለማንም ያልተናገረ ብዙ ወገን አለን። በዚህ ምክንያት ከእህልና ከመድኃኒት ጎን «የሥነ ልቡና ምክር አገልግሎት» የሚባል ሥራ በብዙ የእርዳታ ፕሮግራሞች ውስጥ ገብቷል። ከጉባኤዎችም የሚነሡ ጥያቄዎች አሉ። አማኝ ለምን ወደ አማካሪ ይሄዳል? እዚያስ ምን ይደረግለታል? ስንት ጊዜ ይመላለሳል? እነዚህን ጥያቄዎች በተቻለን መጠን ከዚህ በታች እንመልሳለን።

ቃሉ እንዳያሳስተን

በቋንቋችን «ምክር» ስንል ወዲያው የሚታየን አዋቂ ሲናገር ታናሽ ሲሰማ ነው። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው ተረታችንም የሚያስበው ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለው ምክር በቦታው መልካም ነው። ትዳር ሲናጋ፣ ወንድማማች በድንበር ሲጣላ፣ ልጅ ሲያጠፋ የሽማግሌ ምክር ብዙ ቤት አቁሟል።

የሥነ ልቡና ምክር ግን ከዚህ ይለያል። መምከር ከምንለው ይልቅ መመካከር ብንለው ይቀርባል። አማካሪው «እንዲህ አድርግ» ብሎ አይጀምርም። ይጠይቃል፤ ያዳምጣል፤ የሰማውንም መልሶ «እንዲህ ማለትህ ነው?» እያለ ያረጋግጣል። ከዚያ በኋላ ችግሩን ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ይመረምራል፤ የሚደረገውንም አብረው ይመርጣሉ። ወጌሻ የተሰበረውን አጥንት ያቀናል፣ ያስራል እንጂ እርሱ ራሱ አያገጣጥመውም፤ አጥንቱ የሚገጥመው በታማሚው ሥጋ ውስጥ ነው። የምክርም ሥራ እንደዚሁ ነው።

ይህን ባለማወቅ ብዙ ሰው በመጀመሪያው ቀን ያዝናል። «አንድ ሰዓት ሙሉ ሰማችኝ፤ ምንም ግን አልመከረችኝም» ብሎ ይሄዳል፤ ሁለተኛም አይመለስም። መዳን ይችል የነበረ ሰው የጠበቀው ሌላ ስለ ሆነ ብቻ ከደጁ ይመለሳል። ይህንንም ጽሑፍ የጻፍነው ከሁሉ ይልቅ ስለ እርሱ ነው።

ምክር የሚያስፈልገው ማን ነው?

መከራ ያየ ሁሉ በሽተኛ አይደለም። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ቢያለቅስ፣ ልጇን ያጣች እናት እንቅልፍ ብታጣ፣ ይህ ተፈጥሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው የዓለም ጤና ድርጅት ግምት መሠረት፣ ባለፉት 10 ዓመታት ግጭት ባገኛቸው አካባቢዎች ከሚኖሩት ሰዎች 22 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም ከ5 ሰዎች አንዱ፣ ድባቴ፣ ብርቱ ጭንቀት፣ ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚከተል ሕመም ወይም ሌላ የአእምሮ ሕመም አለበት። ይህ እጅግ ብዙ ሕዝብ ነው። ሆኖም ከአምስቱ አራቱ ቢያዝኑም እንዲህ ያለ ሕመም እንደሌለባቸው ይኸው ቁጥር ያስረዳናል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና ሌሎች የእርዳታ ድርጅቶች በአንድነት እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት መመሪያ ሥራውን በአራት እርከን ያስቀምጠዋል። ከታች፣ ለሁሉ የሚያስፈልገው እህል፣ ውኃ፣ መጠለያና ደኅንነት ነው፤ ይህም ሰውን በማያዋርድ መንገድ ሊሰጥ ይገባል። ከዚያ በላይ የቤተሰብና የማኅበረሰብ ድጋፍ አለ፤ እድር፣ ጉባኤ፣ ትምህርት ቤት፣ ልቅሶ መድረስ እዚህ ይመደባሉ። በሦስተኛው እርከን የሠለጠኑ ሰዎች የሚሰጡት ምክር ይገኛል። በአራተኛው የአእምሮ ሐኪሞችና ልዩ ባለሙያዎች አሉ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ቁጥር ያንሳል። እንግዲህ እህል በአግባቡ የሚያድል ሠራተኛና ልቅሶ የሚደርስ ምእመን የዚህ ሥራ መሠረት ናቸው።

ታዲያ ወደ ሦስተኛው እርከን መሄድ ያለበትን እንዴት እናውቃለን? የሚከተሉትን እንመልከት። ኀዘኑ ወይም ተስፋ መቁረጡ ከሁለት ሳምንት በላይ ቀን በቀን ሳይለቀው ሲቀር፤ ደስ ያሰኘው የነበረው ነገር ሁሉ ሲሰለቸው፤ እንቅልፍና ምግብ ሲለየው፤ ያለፈው ነገር ዛሬ እንደሚሆን ሆኖ እየመጣ ሲያስደነግጠው፣ ይህም ከወር በላይ ሲቆይ፤ ሥራውንና ልጆቹን መጠበቅ ሲያቅተው፤ ሕመሙን በመጠጥ ለማስረሳት ሲሞክር። ሞትን የሚመኝ፣ በተለይም እንዴት እንደሚሞት ያሰበ ሰው ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚያው ቀን ብቻውን ሳይተው ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

ጸሎትስ አይበቃምን?

ይህን ጥያቄ የሚያነሡ ወገኖች ስለ እምነት ቀንተው ነውና ልናከብራቸው ይገባል። መልሱን ከመጽሐፍ ቅዱስ እንፈልግ።

በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ነቢዩ ኤልያስ ከታላቅ ድል በኋላ ሸሽቶ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር ምን አደረገለት? በመጀመሪያ ተኛ። ከዚያ መልአኩ ዳሰሰውና እንጎቻና ውኃ ሰጠው። ደግሞም ተኛ፤ ደግሞም በላ። ወደ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ እግዚአብሔር በዚያ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀው። ኤልያስም ብሶቱን ሁሉ ተናገረ። ያው ጥያቄ ሁለተኛ ተጠየቀ፤ ኤልያስም ያንኑ ብሶት ሁለተኛ ተናገረ፤ ነገሩን ስለ ደገመም አልተነቀፈም። ከዚህ በኋላ የሚሠራው ሥራ ተሰጠው፤ ብቻውን እንዳልሆነ ተነገረው፤ ኤልሳዕም ባልንጀራ ሆነው። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ጥያቄ፣ መደመጥ፣ ሥራ፣ ባልንጀራ፦ ይህን ቅደም ተከተል ልብ በሉ። ኤልያስ የጸሎት ሰው ነበር፤ እግዚአብሔር ግን በእነዚህ ነገሮች ሁሉ ረዳው።

የኢዮብ ወዳጆችንም እናስታውስ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ። ያ ከሥራቸው ሁሉ የተሻለው ነበር። ኢዮብን ማቁሰል የጀመሩት ምክንያቱን እናውቃለን ብለው መናገር ሲጀምሩ ነው።

ስለዚህ አማካሪ የጸሎትን ቦታ አይወስድም፤ የሚጸልይ ሰውም አማካሪ ስለ ሄደ እምነት አጎደለ አይባልም። ጥርሱን የታመመ ጸልዮ ወደ ጥርስ ሐኪም ይሄድ የለምን? መልካም አማካሪ የሰውን እምነት አይንቅም። እንዲያውም ጸሎትና ኅብረት ያጠነክሩት እንደ ሆነ ይጠይቃል። በእምነቱ የሚያፌዝ ቢገጥመው ግን ሌላ አማካሪ የመጠየቅ መብት አለው።

በመጀመሪያው ቀን ምን ይሆናል?

ስፍራው ሌላ ሰው የማይሰማበት ክፍል፣ ክፍል ከሌለም ከሰው ራቅ ያለ ጥላ ሊሆን ይችላል። ጊዜው ብዙውን ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ነው፤ እስከ 1 ሰዓት ተኩል የሚሄድም አለ። አማካሪው ማን እንደ ሆነ፣ ምን እንደ ሠለጠነ፣ ስንት ጊዜ እንደሚገናኙ ይናገራል። የሚነገረው ምስጢር ሆኖ እንደሚቀመጥም ይገልጣል። ምስጢሩ የሚከፈተው በጥቂት ምክንያት ብቻ ነው፤ እነዚህም የራስ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆንና ሕፃን ሲበደል ናቸው። ይህን አስቀድሞ የማይናገር አማካሪ ካለ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከዚያ ጥያቄ ይመጣል። ምን ያስጨንቅሃል? ከመቼ ጀምሮ? እንቅልፍህስ? ቤተሰብህስ? ሥራህስ? መጠጥ ትጠጣለህ? አማካሪው «ራስህን ስለ ማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ይህን ሲሰሙ የሚደነግጡ አሉ። ጥያቄው ግን ያልነበረ ሐሳብ በሰው ልብ አያስገባም፤ ሐሳቡ ያለበትን ሰው ግን ለብቻው ከተሸከመው ሸክም ያሳርፈዋል።

በመጨረሻ ሁለቱ አብረው አንድ ግብ ይመርጣሉ። ግቡ «ደስተኛ ልሁን» የሚል ሰፊ ነገር አይሆንም። «ሌሊት አምስት ሰዓት ያህል ልተኛ»፣ «እሑድ ወደ ጉባኤ ልመለስ»፣ «በልጆቼ ላይ መጮኼን ልተው» የሚል በዓይን የሚታይ ነገር ነው።

በዚያ ቀን ማልቀስ ይኖር ይሆናል። ሌሊቱንም እንቅልፍ ሊጠፋ ይችላል። «ሆድ ይፍጀው» ተብሎ ዓመታት የታፈነ ነገር ሲነካ ያማል። ቁስልም ሲታጠብ ያማልና ይህ የመባስ ምልክት ነው ተብሎ ሊቆጠር አይገባውም።

ወደ አማካሪ የሚሄድ ሰው መብቶቹን ይወቅ። ያልፈለገውን ጥያቄ አለመመለስ ይችላል። ሴት እኅታችን ሴት አማካሪ መጠየቅ ትችላለች። አስተርጓሚ ካስፈለገ ዘመድ ወይም የሠፈር ሰው ባይሆን ይሻላል። የእርዳታ እህል ከምክሩ ጋር አይታሰርም፤ ምክሩን ያቋረጠ ሰው ራሽኑ አይቀነስበትም። ገንዘብ የሚበደር፣ ያለ አግባብ የሚነካ፣ ወይም ምስጢርን በግድ ለማውጣት የሚሞክር አማካሪ ሥራውን ያፈረሰ ነውና ለኃላፊው ይነገር።

በግፍ የተደፈረች እኅት ካለች ደግሞ ምክሩ ከሕክምናው አያስቀድማትም። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሰጠው በ72 ሰዓት ውስጥ ነውና ወደ ጤና ተቋም በቶሎ ትድረስ። ያ ሰዓት ያለፈባትም ቢሆን ሕክምናውም ምክሩም አልተዘጋባትም።

በሚቀጥሉት ቀናት የሚሠራው

የምክር መንገዱ ብዙ ነው። በየስፍራው በብዛት የሚሠራባቸውን እንግለጽ።

የመጀመሪያው ሰውነትን ማረጋጋት ነው። የደነገጠ ሰው ትንፋሹ አጭርና ፈጣን ነው። አማካሪው በቀስታ፣ ከሆድ፣ መተንፈስን ያለማምዳል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ በየቀኑ ሲደረግ ግን ሰውነት አደጋው እንዳለፈ ይማራል።

ሁለተኛው ችግርን መለየት ነው። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ሲመጣ ሰው ይዋጣል። አማካሪውና ባለቤቱ ችግሮቹን አንድ በአንድ ይዘረዝራሉ፤ ሊለወጥ የሚችለውን ከማይለወጠው ይለያሉ። የሞተ አይመለስም፤ የጠፋ መታወቂያ ግን ይወጣል፤ ያለቀው የቤት ኪራይም መነጋገሪያ አለው። ከሚለወጡት አንዱን መርጠው በዚያ ሳምንት የሚሞከር አንድ እርምጃ ይወስናሉ።

ሦስተኛው ወደተተወው ሥራ ጥቂት በጥቂት መመለስ ነው። ድባቴ «ልብህ ሲበረታ ትነሣለህ» ይላል። እውነቱ ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው፤ ሰው ሲነሣ ልቡ ይበረታል። ቡና ማፍላት የተወች እናት አለች እንበል። በሳምንት አንድ ቀን አንዲት ጎረቤት ብቻ ጠርታ እንድታፈላ ትስማማለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ጎረቤት ትጠራለች።

አራተኛው ሐሳብን መመርመር ነው። አሜሪካዊው ሐኪም አሮን ቤክ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያስፋፋው መንገድ ነው። «ልጄ የሞተው በእኔ ምክንያት ነው» የሚል አባት አለ እንበል። አማካሪው «አይደለም፣ ተው» ብሎ አይከራከረውም። በዚያን ሰዓት ምን ታውቅ ነበር? ምን ማድረግ ትችል ነበር? ወንድምህ በዚያ ቦታ ቢሆን ይህንኑ ትፈርድበት ነበር? እያለ ይጠይቀዋል። አባትየው መልሱን ራሱ ሲያገኘው ይጸናለታል።

አምስተኛው ከሰዎች ጋር ያለውን ግንኙነት መመልከት ነው። ይህ መንገድ ድባቴ ብዙ ጊዜ ከአራት ነገሮች ከአንዱ ጋር እንደሚያያዝ ያስተምራል፤ እነርሱም የሚወዱትን ማጣት፣ ጠብ፣ የኑሮ መለወጥና ብቸኝነት ናቸው። ባለርስት የነበረ ሰው ተፈናቃይ ሲባል የሚደርስበት ሦስተኛው ነው። ለኀዘኑም ስም ሲወጣለት መያዣ ያገኛል።

ስድስተኛው የደረሰውን በቅደም ተከተል መናገር ነው። በዚህ መንገድ ገመድ በመሬት ላይ ይዘረጋል፤ ገመዱ የሰውየው ዕድሜ ነው። መልካም ነገር በሆነበት ዘመን አበባ፣ ክፉ ነገር በሆነበት ድንጋይ ይቀመጣል። ሰውየው ከልደቱ ጀምሮ ታሪኩን ሲናገር ድንጋዩ በአንድ ስፍራ ብቻ እንዳለ፣ ከእርሱ በፊት አበባ እንደ ነበረ፣ ገመዱም ገና እንዳላለቀ ያያል። ይህ በኡጋንዳ መጠለያ በነበሩ የሱዳን ስደተኞች መካከል ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሟል። ይህን ግን የሠለጠነ ሰው ብቻ ያድርገው። አደጋ በደረሰ ማግሥት ሰውን «ያየኸውን ሁሉ ንገረን» ማለት እንደማይጠቅም፣ ሊጎዳም እንደሚችል ታውቋል።

በየስብሰባው መጨረሻ የቤት ሥራ ይሰጣል። የሚለወጠው በሳምንቱ በሚሠራው ነው እንጂ በዚያች በአንዲት ሰዓት ብቻ አይደለም።

ስንት ጊዜ ይወስዳል? ይጠቅማልስን?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የችግር አያያዝ ምክር በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለ5 ሳምንት፣ በየጊዜው 90 ደቂቃ ነው። በፓኪስታን በፔሻዋርና በኬንያ በናይሮቢ ተፈትኖ ጠቅሟል። የሚሰጡትም ሐኪሞች ያልሆኑ፣ ነገር ግን ሠልጥነው ተቆጣጣሪ ያላቸው የአካባቢ ሰዎች ናቸው። ሌሎቹ መንገዶች 8፣ 12 ወይም 16 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳሉ።

ለእኛ እጅግ የሚቀርበው ምሳሌ የኡጋንዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ 30 መንደሮች ውስጥ፣ የክርስቲያን እርዳታ ድርጅት የሆነው ወርልድ ቪዥን በተባበረበት ሥራ፣ የመንደር ሰዎች ሁለት ሳምንት ሠልጥነው የምክር ቡድን መሩ። ያካባቢው ሕዝብ ሕመሙን «ራስን መጥላት» እና «ለራስ ማዘን» በሚሉ ስሞች ይጠራው ነበርና ሥራው ከነዚህ ስሞች ተነሣ። ወንዶች ለብቻ፣ ሴቶች ለብቻ ሆነው ለ16 ሳምንት ተሰበሰቡ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ውጤት እንዲህ ይላል፦ በቡድኖቹ ከነበሩት መካከል ብርቱ ድባቴ የቀረባቸው 6.5 በመቶ ሲሆኑ፣ ቡድን ካልነበራቸው መካከል ግን 54.7 በመቶ ነበሩ። ከስድስት ወር በኋላም ጥቅሙ እንደ ጸና ተገኝቷል።

በዚምባብዌም ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ከጤና ጣቢያ ደጅ አግዳሚ ወንበር አስቀመጡ። በወንበሩ ላይ የሚቀመጡት አማካሪዎች የሠለጠኑ አያቶች ናቸው። የዚያ አገር ሰው ሕመሙን «ሐሳብ ማብዛት» ይለዋል፤ እኛም «ሐሳብ በዛብኝ» እንል የለምን? አያቶቹ ሥራቸውን በሦስት ቃል ይገልጹታል፦ አእምሮን መክፈት፣ ማንሣት፣ ማጽናት። በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎች ተካተውበት እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት፣ በወንበሩ የተረዱት ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ ይልቅ በእጅጉ ተሽሏቸው ነበር።

ይሁን እንጂ መንገዱ ቀጥ ያለ አይደለም። አንድ ሳምንት ይሻላል፤ በሚቀጥለው ይመለሳል። የሙት ዓመት ሲደርስ፣ የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ሕመሙ ሊነሣ ይችላል። መዳን ማለትም መርሳት ማለት አይደለም። ያለፈው ሲታወስ ያሳዝናል፤ ነገር ግን ሰውን አይጥልም። ብዙ ሳምንት አልፎ ምንም ለውጥ ከሌለ ባለቤቱ ዝም ብሎ ከመቅረት ይልቅ ለአማካሪው ይንገር። መንገድ ይለወጣል፤ ወይም ወደ ሐኪም ይላካል።

መድኃኒት ሲያስፈልግ

ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ቀናት ሳይተኛ ያለ ልክ የሚናገርና የሚሮጥ፣ ከድባቴ የተነሣ መብላትና መነሣት ያቆመ፣ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በምክር ብቻ አይረዳም። ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል በዚህ ሥራ ለረጅም ዘመን የታወቀ ነው፤ በየክልሉም በአእምሮ ሕክምና የሠለጠኑ ነርሶችና ሐኪሞች ያሉባቸው ተቋማት ይገኛሉ።

የድባቴ መድኃኒት በአንድ ቀን አይሠራም፤ ለውጡ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወይም ከዚያም ዘግይቶ ሊታይ ይችላል። ሲሻልም ወዲያው አይቋረጥም። እዚህ ላይ የጸሎት አገልጋዮቻችንን አጥብቀን እንለምናለን፦ ጸልዩ፣ እጃችሁን ጫኑ፤ ነገር ግን ማንንም «መድኃኒትህን ጣል» አትበሉ። መድኃኒቱን የሚያቆመው የጀመረው ሐኪም ነው። እግዚአብሔር ፈውሶት እንደ ሆነ ሐኪሙም ያየዋል።

የጉባኤና የሠራተኛ ድርሻ

ሀ/ መጀመሪያ የሚደርስ ሰው የሚያደርገውን ይወቅ። ወርልድ ቪዥን ከዓለም ጤና ድርጅትና ከሌሎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ያዘጋጀው የመጀመሪያ ሥነ ልቡናዊ እርዳታ መመሪያ ሦስት ነገር ያዛል፦ ተመልከት፣ አዳምጥ፣ አገናኝ። አደጋ ያለበትንና የሚያስፈልገውን ተመልከት፤ ሊናገር የወደደውን ሳታስገድድ አዳምጥ፤ ከቤተሰቡ፣ ከእህል፣ ከጤና ተቋም ጋር አገናኝ። ይህን ለማድረግ ባለሙያ መሆን አያሻም።

ለ/ ምስጢርን እንጠብቅ። በመካከላችን ያለ አንድ ክፉ ልማድ ምስጢርን በጸሎት ርእስ ስም ማውጣት ነው። «ስለ እኅት እገሊት እንጸልይ፤ እንዲህ ደርሶባታልና» ሲባል እኅታችን በማግሥቱ በገበያ ትታወቃለች። ያለ ፈቃዷ ስሟም ነገሯም አይነሣ። ጌታ ስሟን ያውቃል።

ሐ/ ምስክርነትን አናስገድድ። የተጎዳን ሰው በጉባኤ ፊት አቁሞ የደረሰበትን ማስተረክ፣ በስብሰባም ሆነ ለእርዳታ ሰጪ እንግዳ፣ ቁስሉን ዳግም መክፈት ነው።

መ/ አፋችንን እንጠብቅ። «ከአንቺ የባሰ ያየ አለ»፣ «አታልቅሺ፣ ተመስገን በይ»፣ «ኃጢአት ይኖርብህ ይሆናል» አንበል። «ከአንተ ጋር ነኝ» ማለት ይበቃል። ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ በመቀመጥ ይሟላል።

ሠ/ መንገዱን እናቅልል። በቀጠሮው ቀን ልጆቿን የሚጠብቅላት፣ እስከ ደጁ የሚሸኛት፣ የትራንስፖርት ገንዘብ የሚሰጣት ሰው ካለ ያች እናት ትመለሳለች። ከሌለ ትቀራለች። አንዳንዴ በመዳንና ባለመዳን መካከል ያለው ይህ ብቻ ነው።

ረ/ የሚረዱትን እንርዳ። ቀኑን ሙሉ የሰውን መከራ የሚሰማ ሠራተኛ እርሱም ይደክማል፤ ቅዠቱ ወደ እርሱ ይሻገራል። ሁለት ሁለት ሆነው እንዲሠሩ፣ በየሳምንቱ ከኃላፊያቸው ጋር እንዲነጋገሩ፣ የዕረፍት ቀናቸው እንዳይነካ ፕሮጀክቶች ያስቡበት። ሠራተኛውም ምክር ቢሻ ነውር አይደለም።

በአገራችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ሰው ግን በሽታውን የሚደብቀው የሚፈርድበት ሲኖር ነው። ስለዚህ ወደ አማካሪ የሄደውን ወንድም እንደ ደካማ አንመልከተው። መንገዱ የሚያደክም ነው፤ ለመሄድም ድፍረት ይጠይቃል። የጀመረውንም እንዲፈጽም እኛ ከጎኑ እንቁም።

ስለሚከተሉት እንድትጸልዩ እንለምናችኋለን፦

ሙታናቸውን ሳይቀብሩ ስለ ቀሩ ቤተሰቦች፤
የደረሰባቸውን ለማንም ስላልተናገሩ እኅቶችና ወንድሞች፣ የሚሰማቸው ሰው እንዲያገኙ፤
በየጤና ተቋሙና በየመጠለያው ስለሚያገለግሉ አማካሪዎች፣ ትዕግሥትና ማስተዋል እንዲበዛላቸው፤
ስለ ጉባኤዎቻችን፣ የተሰበረ ሰው ሳያፍር የሚገባባቸው ቤቶች እንዲሆኑ።

የመጽናናት አምላክ ከሁላችሁ ጋር ይሁን።